በ1560 የግብር መዝገብ ላይ ያሉ ስሞች፦ የናዋትል ምልክቶች ሥዕል ናቸው ወይስ ጽሕፈት?

ቀለም ቀንድ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ክፍል ስለ ጥንታዊ ጽሕፈት ስናወራ ግብፅና ሱመር ላይ ብዙ እንቆያለን። ዛሬ ወደ ሜክሲኮ ልውሰዳችሁ። አዝቴክ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ፒራሚዱና መሥዋዕቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን አንድ የግብር መዝገብ ነው።

መዝገቡ ማትሪኩላ ዴ ዌሾትሲንኮ ይባላል። የተዘጋጀው በ1560 ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ዌሾትሲንኮ ዛሬ ፑዌብላ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ያለች ከተማ ናት። ስፔኖች የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን የያዙት በ1521 ስለሆነ፣ መዝገቡ ሲሠራ አገሩ በእጃቸው ከገባ 39 ዓመት ሆኖታል። ዛሬ የሚገኘው ፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ገጾቹን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

አንዱን ገጽ ስትከፍቱ የምታዩት ጭንቅላት ነው። በጎን በኩል የተሳለ የሰው ጭንቅላት፣ በረድፍ በረድፍ። አንዱ ጭንቅላት አንድ ግብር ከፋይ ነው። አጠገቡ ትንሽ ምልክት አለች። ወፍ፣ እባብ፣ አበባ፣ ጋሻ፣ ውኃ፣ ብቻ የሌለ ነገር የለም። ከዚያ ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፏል። ሁዋን ያኦትል፣ ፔድሮ ቶችትሊ እያለ ይቀጥላል። መጀመሪያ ያለው የክርስትና ስም ነው። ቀጥሎ ያለው የናዋትል ስም ነው። ናዋትል የአዝቴኮችና የብዙ ጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ነው፤ ዛሬም ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረዋል።

ምልክቷ የምትነግረን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ስም ነው። ቶችትሊ ማለት ጥንቸል ስለሆነ ጥንቸል ይሳላል። ያኦትል ጠላት ወይም ተዋጊ ማለት ነው፤ እሱን ለመጻፍ ጋሻና የጦር ዱላ አንድ ላይ ይሳላሉ።

በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ በሌላ ሰነድ ላይ ስማቸው አይገኝም። ገበሬ አሉ፣ አናጢ አሉ፣ ነጋዴ አሉ። ስማቸው እስከ ዛሬ የቆየው ግብር ስለተጣለባቸው ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ምልክቶቹ ጽሕፈት ናቸው። የሚነበቡ ናቸው። «ያማረ ሥዕል» ብሎ ማለፍ የጻፏቸውን ሰዎች ሙያ መካድ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የመርካቶ ልጅ ጻፈ፦

ወንድሜ ርዕሱ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጥንቸል የሚባል ሰው አለ፣ ጥንቸል ተሳለለት። ይሄ እንዴት ጽሕፈት ይሆናል? ቋንቋውን የማያውቅ ሰውም አይቶ ጥንቸል ነው ይላል። ደግሞ ጎኑ ላይ በላቲን ከተጻፈ ምልክቷ ምን ልትጨምር ነው?

ቀለም ቀንድ ጻፈ፦

ጥያቄህ የነገሩ እምብርት ነው። ጥንቸሏን ብቻ ካየን ልክ ነህ። ስለዚህ አንድ ስም በሁለት መንገድ የተጻፈበትን ላሳይህ።

ከ1427 እስከ 1440 ቴኖችቲትላንን የገዛው ንጉሥ ኢትስኮዋትል ይባላል። ትርጉሙ የባልጩት እባብ ነው። በሜንዶሳ ኮዴክስ ላይ (ኮዴክስ በእጅ የተሠራ የጥንት መጽሐፍ ነው) ስሙ ሲሳል እባብ ነው፤ ጀርባው ላይ የባልጩት ስለቶች ተደርድረዋል። ይሄኛው አንተ እንዳልከው ነው። ትርጉሙ ተሳለ።

አሁን ወደ ቬርጋራ ኮዴክስ እንሂድ። እሱ የቴፔትላኦስቶክ ሰዎች የሕዝብና የመሬት መዝገብ ነው፤ በ1540ዎቹ ገደማ የተሠራ። እዚያ ተመሳሳይ ስም ያለው ተራ ሰው አለ። ምልክቱ ላይ እባብ የለም። ያለው ባልጩት፣ ሸክላ ድስትና ውኃ ነው። ድስትና ውኃ ከእባብ ጋር ምን አገናኛቸው? በትርጉም ምንም። በድምፅ ግን ባልጩት ኢትስትሊ ነው፣ ድስት ኮሚትል ነው፣ ውኃ አትል ነው። ጸሐፊው የባልጩቱን «ኢትስ»፣ የድስቱን «ኮ»፣ የውኃውን «አ» ወሰደ። ኢትስ፣ ኮ፣ አ። ኢትስኮዋትል። የመጨረሻዋን «ትል» አንባቢው ከቋንቋው ይሞላታል።

ናዋትል የማያውቅ ሰው ይህን አይቶ ምንም አይለውም። ድስት ነው የሚያየው። ቋንቋውን የሚያውቅ ግን ስም ያነባል። ይህን ነገር ያየው አዲስ ሰው አይደለም። ኦበን የተባለ ፈረንሳዊ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎበታል።

ለእኛ ለፊደል ገበታ ልጆች ደግሞ ይህ ከማንም ይልቅ ይቀርበናል። «ኮ» ስንል ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ቅርጽ ነው የሚመጣልን። የናዋትሉ ድስትም ልክ እንደዚያ አንድ ሙሉ «ኮ» ነው።

ሁለተኛ ጥያቄህን ሌላ ሰው ቢመልሰው ደስ ይለኛል።

ሊንጉ ጻፈች፦

እኔ ልሞክር። የላቲኑ ጽሑፍ ምልክቷን አላስወጣትም፤ ምክንያቱም ሁለቱን የሚያነቡት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የላቲን ፊደል በገዳማት ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ወንዶች ልጆች ነበር የሚሰጠው። የሰፈሩ ሽማግሌ ወይም የግብር ሰብሳቢው ላያነበው ይችላል። ጋሻና ዱላውን አይቶ ግን ያኦትል ያለበትን ቤት ያውቃል። ስፔናዊው ባለሥልጣን ደግሞ በተቃራኒው ነው። አንድ ገጽ ለሁለቱም እንዲሆን ነው የተሠራው።

ሌላም አለ። የክርስትና ስሞቹ ጥቂት ናቸው። ሁዋን፣ ፔድሮ፣ ፍራንሲስኮ፣ አንቶኒዮ፣ ዶሚንጎ እየተባለ ይደጋገማል። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁዋን ብቻ ብትል ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰውየውን ከሌላው የሚለየው የናዋትል ስሙ ነው። ስለዚህ ምልክቷ ያለችው ሥራ ስላላት ነው።

ቀለም ቀንድ፣ አንተ ላነሳኸው የድምፅ ነገር እኔ በጣም የምወደውን ምሳሌ ልጨምር። የመጀመሪያው የስፔን እንደራሴ አንቶኒዮ ዴ ሜንዶሳ ነበር። የናዋ፣ ማለትም የናዋትል ተናጋሪዎቹ፣ ጸሐፊዎች ይህን ስም እንዴት ይጻፉት? በናዋትል ትርጉም የለውም። በቴሌሪያኖ ሬሜንሲስ ኮዴክስ ላይ ያደረጉት ይህን ነው። ማጌይ የተባለውን የቃጫ ዘመድ ተክል ሳሉ፤ ስሙ ሜትል ነው። ቀጥለው ፍልፈል የሚመስል እንስሳ ሳሉ፤ ስሙ ቶሳን ነው። ሜ፣ ቶሳ። በናዋትል «ድ» የሚባል ድምፅ ስለሌለ «ዶሳ» «ቶሳ» ሆነች። እንደራሴው ተክልም እንስሳም አይደለም። ስሙ ብቻ ነው የተጻፈው።

እዚያው ኮዴክስ ላይ ደግሞ ሌላ ስፔናዊ አለ። ፔድሮ ዴ አልቫራዶ። እሱን ናዋዎቹ ቶናቲዩ ይሉት ነበር፣ ፀሐይ ማለት ነው። በ1541 ሲሞት የሚያሳየው ገጽ ላይ ምልክቱ ፀሐይ ናት። አንዱ ስፔናዊ በድምፅ፣ ሌላው በቅጽል ስሙ። ጸሐፊው ሁለቱንም መንገድ ያውቃል፣ የሚሻለውን ይመርጣል።

የመርካቶ ልጅ ጻፈ፦

ሊንጉ እህቴ አመሰግናለሁ። ፍልፈሉ ገብቶኛል። ሜ፣ ቶሳ። ልጄን ጠርቼ አሳየሁት፣ ያኔውኑ በራሱ ስም መሳል ጀመረ።

አንባቢ ጻፉ፦

ውይይቱን ከጠዋት ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ለሁለታችሁም አክብሮት አለኝ። ግን ክርክሩ ሚዛን እንዲኖረው አንድ ነገር ላንሳ።

እስካሁን የጠቀሳችኋቸው የድምፅ ምሳሌዎች በሙሉ ከስፔን ወረራ በኋላ የተሠሩ ናቸው። ቬርጋራ የ1540ዎቹ ነው። ቴሌሪያኖ የ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ መነኮሳቱ የላቲን ፊደል እያስተማሩ ነበር። የፊደልን ሐሳብ ያየ ሰው የራሱንም ሥዕል በዚያ መልክ ሊያጎብጠው ይችላል። የጸሎት ማስተማሪያውን ታውቃላችሁ። «ፓተር ኖስተር» የሚለውን የላቲን ጸሎት፣ «አባታችን ሆይ»ን፣ ለማስታወስ ባንዲራና በለስ ይስሉ ነበር። ባንዲራ ፓንትሊ፣ በለስ ኖችትሊ። መነኮሳቱ ራሳቸው የመዘገቡት ነው። እንግዲህ የድምፅ አጻጻፉ ከስፔኖች ጋር የመጣ ልማድ ቢሆንስ?

ደግሞ ኤልዛቤት ሂል ቡንን የመሳሰሉ ትልልቅ ተመራማሪዎች የአዝቴክ የታሪክ ሥዕሎች ሐሳብን በቀጥታ እንደሚያስተላልፉ፣ በአንድ ቋንቋ ቃላት እንዳልታሰሩ ጽፈዋል። ይህ ቀላል ሐሳብ አይደለም።

ቀለም ቀንድ ጻፈ፦

እርስዎ ያነሱት ጥያቄ ተመራማሪዎቹንም ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ነው። በተራ ልመልስ።

ከወረራው በፊት የስም ምልክት ነበር ወይ? ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ በብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ውስጥ አንድ ድንጋይ አለ። 8 ሸምበቆ የሚል ዘመን ተቀርጾበታል፣ 1487 ማለት ነው። የታላቁን ቤተ መቅደስ ምርቃት የሚያስታውስ ነው። ሁለት ነገሥታት ቆመው ደማቸውን ሲሰጡ ይታያሉ። አንዱ ጋ እግር፣ ሌላው ጋ የውኃ እንስሳ ተቀርጿል። ቲሶክና አዊትሶትል ናቸው። ስፔኖች ሜክሲኮ የደረሱት ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ድምፁስ? ከወረራው በፊት የተረፈልን ጽሑፍ ትንሽ ስለሆነ ይህ ይከብዳል። ብራናው ተቃጥሏል፣ የቀረው ድንጋይ ነው። አልፎንሶ ላካዴና የተባለው ስፔናዊ ሊቅ በ2008 የናዋትል የድምፅ ምልክቶችን ሰንጠረዥ አውጥቶ ተከራክሯል። እሱ የታዘበው ይህን ነው። የድምፅ አጻጻፍ የሚበዛው በሁሉም ቦታ አይደለም። በቴትስኮኮ አካባቢ ጸሐፊዎች ዘንድ ነው፣ ቴፔትላኦስቶክም እዚያው ውስጥ ናት። በሌላው አካባቢ፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው የስፔን አገዛዝ ሥር ያሉ ጸሐፊዎች ይህን ያህል አይጠቀሙበትም። ነገሩ ከስፔኖች የተማሩት ቢሆን ኖሮ ለምን በአንድ አካባቢ ትምህርት ቤት በዛ? ላካዴና የአካባቢ የአጻጻፍ ባህል ነው ይላል። እኔ ይህ መከራከሪያ ያሳምነኛል። ጎርደን ዊተከርም በ2021 ባወጣው መጽሐፍ ይህ በቃልና በድምፅ ምልክቶች የሚሠራ ሙሉ ጽሕፈት ነው ብሎ ይከራከራል።

የቡን ሐሳብ ደግሞ የሚያወራው በዋናነት ስለ ትዕይንቱ ነው። ንጉሥ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ፣ ቤተ መቅደስ ሲቃጠል፣ ሰው ሲሰደድ በእግር ዱካ ሲታይ። ያን የትኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ሊተርከው ይችላል። ስሙ ላይ ሲደርስ ግን ቋንቋው ግድ ይላል። ድስትና ውኃውን በስፓኒሽ ማንበብ አይቻልም።

አንባቢ ጻፉ፦

የቴትስኮኮው መልስ ጠንካራ ነው። እኔ የስፔኖቹ መምጣት ልማዱን አፋፍሞታል የሚለው ላይ እቆያለሁ። ለምሳሌ ሜንዶሳን የመሰለ ባዕድ ስም መጻፍ ሲያስፈልግ በድምፅ ከመጻፍ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። አስፈላጊነቱ ጨመረ። መነሻው የራሳቸው ነው ቢባል ግን አልከራከርም።

አዋላጇ ጻፈች፦

የጽሕፈቱን ክርክር ለእናንተ ትቼ ስሙ እንዴት እንደሚወጣ ላውራ። ሙያዬ ስለሆነ ይህን ገጽ ሳየው ልቤ ነው የተነካው።

የሜንዶሳ ኮዴክስ የተሠራው በ1541 ገደማ ነው፣ አሁን ኦክስፎርድ ውስጥ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። ሦስተኛው ክፍሉ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ያለውን ኑሮ ያሳያል። መጀመሪያ እናቲቱ ተቀምጣ ልጇ በእንቅልፍ አልጋው ላይ አለ። በላዩ አራት ክብ አበባ መሰል ምልክቶች አሉ፣ 4 ቀን አለፈ ማለት ነው። ከዚያ አዋላጂቱ ሕፃኑን ይዛ ግቢ ትወጣለች። በመሬቱ ላይ ቄጠማ ተነጥፎ የውኃ ዕቃ ተቀምጧል። ታጥበዋለች። በጎን በኩል ሦስት ትንንሽ ልጆች ተቀምጠው የተቆላ በቆሎ ከባቄላ ጋር ይበላሉ። አዋላጂቱ ስሙን ትነግራቸዋለች፣ እነሱ ጮክ ብለው ይጠሩታል። ስሙ በሰፈሩ የሚታወቀው በልጆች አፍ ነው።

ወንድ ከሆነ የጦር መሣሪያና የአባቱ ሙያ ዕቃ ይቀመጥለታል። ሴት ከሆነች መጥረጊያ፣ እንዝርትና መሶብ መሳይ ቅርጫት። እትብቱም እንደዚያው ነው። የወንዱ እትብት ጦርነት በሚካሄድበት ቦታ ይቀበራል፣ የሴቷ በወፍጮው ድንጋይ ሥር።

ስሙን የሚያወጣው አዋላጂቱ ብቻዋን አይደለችም። ቀን የሚያውቅ ካህን ይጠየቃል። 20 የቀን ምልክቶች ከ1 እስከ 13 ካሉ ቁጥሮች ጋር እየተጣመሩ 260 ቀን ይሰጣሉ። ልጁ የተወለደበት ቀን ስሙ ሊሆን ይችላል፣ 2 ጥንቸል፣ 4 እንቅስቃሴ፣ 1 ሸምበቆ እንደ ማለት። የተወለደበት ቀን መጥፎ ከሆነ እጥበቱ ወደ ተሻለ ቀን ይዛወራል። ወላጅ ለልጁ ዕድል እንዲህ ሲጨነቅ ማየት ለእኔ ከፒራሚዱ ይበልጣል።

ሊንጉ ጻፈች፦

አዋላጇ፣ በጣም ጥሩ ነገር አመጣሽ። ያ የቀን ስም ነገር በ1560ው መዝገብ ላይ ተለውጦ ይገኛል። ጥንቸል፣ እባብ፣ አጋዘን፣ ዝናብ የሚሉ ስሞች ሞልተዋል። እነዚህ ሁሉ ከ20ዎቹ የቀን ምልክቶች ውስጥ ናቸው። ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ የለም። 2 ጥንቸል መሆን ያለበት ሰው ጥንቸል ብቻ ሆኖ ይታያል።

አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን ከቤተ ክርስቲያን ጫና ጋር ያያይዙታል። 260 ቀኑ የጥንቆላ መጽሐፍ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ሳሃጉን የተባለው ፍራንሲስካዊ መነኩሴ የናዋዎችን ባህል ከማንም በላይ መዝግቧል፣ ይህን የቀን አቆጣጠር ግን የሰይጣን ሥራ አድርጎ ነው የኮነነው። ቁጥሩ ሲነሳ ቀኑ ይጠፋል፣ የሚቀረው ተራ የእንስሳ ስም ነው። ማንም መነኩሴ አጋዘን የሚባልን ሰው ሊከስ አይችልም።

ፍርሃቱ ደግሞ ባዶ አልነበረም። የቴትስኮኮው መኳንንት ዶን ካርሎስ በ1539 በአደባባይ ተቃጥሏል፣ ወደ አሮጌው እምነት ተመልሰሃል ተብሎ። የናዋትል ስሙ ኦሜቶችትሲን ነበር፣ 2 ጥንቸል።

የጨው በረንዳ ጻፈች፦

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ሴቶቹ የት አሉ? ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት የወንድ ስም ነው።

ቀለም ቀንድ ጻፈ፦

እህቴ፣ መዝገቡ ላይ ሴቶች አሉ፣ ነገር ግን የወንዶቹን ያህል የስም ምልክት አያገኙም። ግብሩ የሚቆጠረው በወንድ ስለሆነ ነው። ባል የሞተባቸው ሴቶች ለየብቻ ተቆጥረዋል፣ ጉንጫቸው ላይ እንባ ተስሎ ነው የሚለዩት። ሽማግሌዎች ፊታቸው ላይ መጨማደድ ይደረግላቸዋል።

የሴቶቹን ስም በደንብ የምታገኚው በሌላ መዝገብ ነው። በኩዌርናቫካ አካባቢ በ1530ዎቹና 40ዎቹ ገደማ የተሠራ፣ በናዋትል ቋንቋ በላቲን ፊደል የተጻፈ ቆጠራ አለ። እዚያ ብዙ ሰው ገና አልተጠመቀም ነበር፣ ስለዚህ የጥንቱ አጠራር ይታያል። ወንዶቹ የተለያየ ስም አላቸው። ሴቶቹ ግን በአብዛኛው በትውልድ ተራ ነው የሚጠሩት። ቴያካፓን የበኩር ናት። ትላኮ መካከለኛ ናት። ቴይኩ ታናሽ ናት። ሾኮ የመጨረሻዋ። በየቤቱ ቴያካፓን፣ በየቤቱ ትላኮ።

የጨው በረንዳ ጻፈች፦

ያሳዝናል። የወንዱ ስም ንስር፣ የሷ «ሁለተኛዋ»። ግን ቢያንስ ተጽፈዋል። እነዚህን ስሞች ካሁን በኋላ አልረሳቸውም።

መዝገብ ቤት ጻፉ፦

ከግብሩ በኩል ልጨምር፤ ሠላሳ ዓመት ከመዝገብ ጋር የሠራ ሰው ሌላ ነገር አይታየውም።

ይህ መዝገብ በተሠራበት በ1560፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ የዌሾትሲንኮ የከተማ ሹማምንት ለስፔን ንጉሥ ለዳግማዊ ፊሊፕ ደብዳቤ ጽፈዋል። በናዋትል ነው የጻፉት። ይዘቱ ልመናም ክስም ነው። ስፔኖች ሲመጡ እኛ በሰላም ተቀበልናቸው፣ ማንም አላስገደደንም፣ አብረናቸው ተዋጋን ይላሉ። ጎረቤታችን ትላሽካላ መጀመሪያ ወግታችሁ ሳለ እሷ ተከበረች፣ እኛ ግን ተጎዳን ይላሉ። የተጣለባቸው ግብር 14,800 ፔሶና በዚያው ልክ ፋኔጋ በቆሎ ነበር። ፋኔጋ የእህል መስፈሪያ ነው።

ቀደም ብሎም ሌላ ክስ ነበር። በ1531 እነዚሁ የዌሾትሲንኮ ሰዎች የከፈሉትን ግብር በሥዕል አቅርበው መስክረዋል። 8 ቅጠል ነው፣ በአገሬው ወረቀት የተሠራ፣ አሁን ዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አለ። ማርያም ከልጇ ጋር የተሳለችበት ሰንደቅ እዚያ ላይ ይታያል፣ ለመሥሪያ የወጣው ወጪም አብሮ ተቆጥሯል።

ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ለብቻው አትዩት። አንድ ስህተት የገባበት ስም አንድ ቤት ሁለት ጊዜ እንዲከፍል ያደርጋል። የሞተ ሰው ከመዝገቡ ካልተሰረዘ የቀሩት ይከፍሉለታል። ትላኲሎው፣ ማለትም ሠዓሊ ጸሐፊው፣ ጋሻና ዱላውን በጥንቃቄ የሚስለው ለውበት ብቻ ብሎ አይመስለኝም። ያ ምልክት የሰውየው ዕዳ ነው፣ ማስረጃውም ነው።

ቀለም ቀንድ ጻፈ፦

ጋሼ፣ ደብዳቤውን ከመዝገቡ ጋር አያይዤ አላየሁትም ነበር። አሁን ገጾቹ ሌላ መልክ አላቸው። እግዜር ይስጥልኝ።

የመርካቶ ልጅ ጻፈ፦

እሺ፣ እኔ ገጾቹን መክፈት ጀመርኩ። አንዳንድ ቦታ የሰው የታችኛው ግማሽ ብቻ ተስሎ አለ። ከወገብ በታች፣ መቀመጫና እግር። ይሄ ምንድነው? የተሰረዘ ሰው ነው?

ሊንጉ ጻፈች፦

አይ፣ ማንም አልተሰረዘም። መቀመጫ በናዋትል ትሲንትሊ ነው። ድምፁ «ትሲን» ነው። በናዋትል ደግሞ «ትሲን» ስም መጨረሻ ላይ ሲገባ አክብሮት ወይም ፍቅር ይሆናል፣ እኛ «እርስዎ» እንደምንለው ያለ ክብር። በቦታ ስም ላይ ደግሞ ትንሹ የሚል ትርጉም ይሰጣል፣ ዌሾትሲንኮ ራሷ ውስጥ አለች። ክብርን መሳል ስለማይቻል ድምፁ የሚገጥመውን ሳሉ። በቦታ ስሞች ላይ በብዛት ታገኘዋለህ።

ሌሎችም ልስጥህ፣ ስታነብ ይጠቅሙሃል። ጥርስ ካየህ «ትላን» ነው። ባንዲራ «ፓን» ነው። ድንጋይ «ቴ» ነው። ውኃ «አ» ነው። ንስርና ዛፍ ሁለቱም «ቋው» ይሆናሉ፣ ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ ይችላል። አፍ ያለው ዛፍ፣ ከአፉ የንግግር ጥቅልል ሲወጣ ካየህ ቋውናዋክ የምትባለው ከተማ ናት። ስፔኖች ያንን ሰምተው ነው ኩዌርናቫካ ያሏት።

አንባቢ ጻፉ፦

ሊንጉ፣ ያ ዝርዝር ለጀማሪ ወርቅ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ይህ አጻጻፍ መቼ ቆመ?

ሊንጉ ጻፈች፦

በአንድ ቀን አልቆመም። ሁለት ነገር ጎዳው። አንዱ በሽታ ነው። ኮኮሊስትሊ የተባለው ወረርሽኝ በ1545 ተነስቶ እስከ 1548 ቆየ፣ በ1576 ደግሞ ተመልሶ መጣ። ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አለቀ። ሙያውን የሚያውቁ ትላኲሎዎች አብረው አለቁ፣ ተማሪም አልተተካም። ሁለተኛው የፍርድ ቤቱ ነገር ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ የናዋትል ሰነድ እየበዛ ሄደ፣ ኑዛዜው፣ የመሬት ሽያጩ፣ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ሁሉ። ምልክቶቹ ቀስ በቀስ ከገጹ ወጡ።

ስሞቹም ተለወጡ። ያኦትልና ቶችትሊ እየቀሩ ሰው በሁለት የክርስትና ስም መጠራት ጀመረ፣ ወይም ዴ ላ ክሩስ የመሰለ ስም ያዘ።

ሁሉም ግን አልጠፋም። ፑዌብላና ቾሉላ አካባቢ ዛሬም ኳውትሌ፣ ኮዮትል፣ ፖፖካ የሚባሉ ቤተሰቦች አሉ፣ የአያት ስማቸው ነው። ኳውትሌ ንስሩ ነው። ኮዮትል የሜክሲኮ ቀበሮ ነው። ፖፖካ «ይጨሳል» ማለት ነው፤ የሚጨስ ጋሻ ምልክቱ በሆነው በንጉሥ ቺማልፖፖካ ስም ውስጥ ያለው ቃል ነው።

የመርካቶ ልጅ ጻፈ፦

የቦታ ስሞቹን በተመለከተ ሌላ ክር ክፈቱልን። እኔ ከሜንዶሳ ኮዴክስ የግብር ክፍል ገጽ እየመረጥኩ እለጥፋለሁ፣ እናንተ አንብቡልኝ።

ቀለም ቀንድ ጻፈ፦

ነገ ማታ እከፍተዋለሁ። ባንዲራና ጥርስ ያለበትን ገጽ አስቀድመህ ለጥፍ፣ ከቀላሉ እንጀምር።